የኡሙ ሳንጋሬ አልበሞች፣ የትኛው ብር ይገባዋል የትኛው በዩቱብ ይበቃል

ኡሙ ሳንጋሬን ብዙ ሰው ስሟን ሳያውቅ ሰምቷታል። ቢዮንሴ በ2019 ከላየን ኪንግ ፊልም ጋር አያይዛ ባወጣችው አልበም ላይ "ሙድ ፎር ኢቫ" የሚል ዘፈን አለ አይደል፣ እዛ ውስጥ የምትሰሟት ማሊያዊት ሴት እሷ ናት፣ በ1989 ከተቀዳው "ጃራቢ ኔኔ" ከሚለው ዘፈኗ ቆርጠው ነው ያስገቡት። ከዛ በፊትም በ2017 አያ ናካሙራ፣ ባማኮ ተወልዳ ፈረንሳይ ያደገችው ማለቴ ነው፣ ርዕሱ በቀጥታ "ኡሙ ሳንጋሬ" የሆነ ዘፈን ሰርታለች። እና በነዚህ በኩል ኡሙን ፍለጋ የገባ ወጣት ስፖቲፋይ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተጠራቀመ አልበም፣ ሪሚክስ፣ ምርጦች፣ ድጋሚ የተቀዳ ምናምን ተደርድሮ ይጠብቀዋል፣ ሁለት ሶስቱን ነካ ነካ አድርጎ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚነካው አዲሱን ነው፣ አዲሱ ከላይ ስለሚመጣ፣ እና "እሺ ጥሩ ድምፅ አላት" ብሎ ያልፋታል።

እኔ እሷን የምመዝንበት አንድ ነገር አለኝ፣ ተቀባዮቹ። ኡሙ ብቻዋን የምትዘፍን ሴት አይደለችም፣ እሷ አንድ መስመር ታወጣለች፣ ከኋላ ያሉት ሴቶች ይቀበሏታል፣ ደግማ ታወጣለች፣ ይቀበላሉ፣ እና "ያለፍላጎቷ የተዳረች ልጅ" ብላ ስትጀምር የአንዲት ሴት ስሞታ የነበረው ነገር ሴቶቹ ተቀብለው ሲመልሱት የሰፈር ሙሉ ሴት ጉዳይ ይሆናል። ግጥሙ ባምባራ ነው፣ አንድ ቃል አይገባንም፣ ግን ይሄ ቅብብል ይገባል። አቀናባሪው ተቀባዮቹን ፊት ካመጣቸው አልበሙ ይነዝራል፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ስር ከቀበራቸው ደግሞ መልእክት ያለው ጥሩ ፖፕ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በዚህ ሚዛን ስለሆነ የኔን ጆሮ የማትስማሙበት ከሆነ ካሁኑ እወቁት።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደዚህ አፏን ሞልታ ልትናገር እንደቻለች ማወቅ ያስፈልጋል። ማሊ ውስጥ ጄሊ የሚባሉ፣ ፈረንሳዮቹ ግሪዮት የሚሏቸው፣ ሙያው በዘር የሚወረስላቸው ዘፋኞች አሉ፣ የትልልቅ ቤተሰብ ታሪክና ዘር ይቆጥራሉ፣ ያወድሳሉ፣ ያስታርቃሉ፣ እንጀራቸውም ከሚያወድሱት ሰው እጅ ነው። የኛን አዝማሪ የሚያውቅ ሰው ግማሹ ወዲያው ይገባዋል፣ ምንም እንኳ አዝማሪ እያወደሰህ በሰምና ወርቅ ሊጎሽምህ የሚችል ሰው ቢሆንም። ኡሙ ግን ጄሊ አይደለችም። ቤተሰቦቿ ከዋሱሉ ናቸው፣ ከባማኮ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ወደ ጊኒና ኮትዲቯር ድንበር ያለው አገር፣ እዛ ደግሞ ዘፋኝ የሚሆነው ድምፅ ያለው እንጂ ዘሩ አይጠየቅም፣ ማንንም የማወደስ ዕዳም የለበትም። ከሷ በፊት እነ ኩምባ ሲዲቤ ይሄን መንገድ ከፍተውታል፣ ኡሙ የጨመረችው የምትናገረውን ነገር ነው።

የምትናገረውም ከመፅሐፍ ያገኘችውን አይደለም። በ1968 ባማኮ ነው የተወለደችው፣ አባቷ ሌላ ሚስት አግብቶ ቤቱን ጥሎ ሲሄድ ገና ህፃን ነበረች፣ እናቷ አሚናታ ጃኪቴ ራሷ ዘፋኝ ነበረች፣ ልጅቷም በልጅነቷ ሰርግና የህፃን ስም ማውጫ ድግስ ላይ እየዞረች እየዘፈነች ቤት ታግዝ ነበር። በ1986 ጆሊባ ፐርከሽን ከሚባል ቡድን ጋር አውሮፓን ዞራ ተመለሰችና የራሷን ባንድ አቋቋመች። እና ከዛ በኋላ በሄደችበት ሁሉ ብዙ ሚስት ማግባትን እየተቃወመች ስትዘፍን፣ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሶስት ሚስት ያላቸው ባሎች ከነሚስቶቻቸው ቁጭ ብለው እያዳመጡ ነው፣ እስቲ አስቡት።

እንግዲህ ወደ አልበሞቹ። "ሙሶሉ"፣ ሴቶች ማለት ነው፣ በ1989 አቢጃን ነው የተቀዳው፣ ልጅቷ 21 ዓመቷ ነበር። ስድስት ዘፈን ብቻ ነው ያለው፣ አጭር ነው፣ ግን አንድም የሚዘለል የለውም። አቀናባሪው አማዱ ባ ጊንዶ ያደረገው ነገር እስከዛሬ ይገርመኛል፣ ካማለ ንጎኒ የሚባለውን ባለክር መሳሪያ ከመሃል አስቀምጦ ቤዝና ጊታር በዙሪያው አደረገና ከላይ ቫዮሊን ጨመረበት። ቫዮሊኑ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ የዋሱሉ ሰዎች ሶኩ የሚባል ባለአንድ ክር የፈረስ ጭራ መሳሪያ አላቸው፣ መሲንቆ በሉት፣ ቫዮሊኑ የሱን ቦታ ነው የያዘው፣ ስለዚህ ቫዮሊኑ እንደ ክላሲክ አያለቅስም፣ እንደ መሲንቆ ነው የሚፈቀፍቀው።

ስለ ካማለ ንጎኒ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ይሄን ሳታውቁ ሙዚቃው ግማሹ ይቀርባችኋል። ከትልቅ ቅል የተሰራ ባለስድስት ክር መሳሪያ ነው፣ አያቱ ዶንሶ ንጎኒ ይባላል፣ እሱ የአዳኞች ነው፣ ለአዳኞች ስርዓት ብቻ የሚመታ፣ የተከበረ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የዋሱሉ ወጣቶች እሱን አሳንሰው፣ ቅኝቱን ከፍ አድርገው፣ ለጭፈራ አዋሉት፣ ሽማግሌዎቹ "የአዳኝን ነገር ለዳንኪራ" ብለው ተቆጡ፣ የሰማቸው የለም። ማለትም ኡሙ አፏን ከመክፈቷ በፊት ከኋላዋ ያለው መሳሪያ ራሱ ትልልቅ ሰዎችን እንቢ ያለ መሳሪያ ነው። ከሱ ጋር ካሪኛን የሚባል ሴቶች የሚፍቁት ብረት አለ፣ የዛጎል መረብ የለበሰ ፍሌ የሚባል ቅልም አለ፣ መድረክ ላይ ሴቶቹ ወደ ላይ እየወረወሩ ይቀልቡታል፣ በድምፅ ብቻ የሰማችሁ ሰዎች አንድ ኮንሰርት በቪዲዮ እዩ።

ቅኝቱ ደግሞ ባለ አምስት ድምፅ ነው፣ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ምንም ማለማመጃ አያስፈልገውም። እንደ አንቺሆዬ ጠባብ ጠባብ የሆኑ ድምፆች የሉትም፣ ለትዝታ ሜጀር ግን በጣም ቅርብ ነው፣ አንዳንዱን ዘፈን የኛ ሰው የዘፈነው ነው ብላችሁ ለሰው ብታሰሙ ለጥቂት ሰከንድ ያምናችኋል። እኔ ማሊን ለማያውቅ ሀበሻ መጀመሪያ ኡሙን የማሰማው ለዚህ ነው።

ከስድስቱ ዘፈን አገሩን ያናወጠው "ጃራቢ ኔኔ" ነው፣ የፍቅር ብርድ ብርድ እንደማለት፣ ሴት ልጅ የራሷን ፍላጎት፣ ሰውነቷ የሚሰማውን ነገር ጮክ ብላ የምትናገርበት። አንድ ወጣት ሴት ይሄን በአደባባይ ማለቷ ቅሌት ነበር፣ ካሴቱ ግን በምዕራብ አፍሪካ ከ200,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ፣ በየገበያው የተባዛውን ሳይጨምር መሆኑ ነው፣ የካሴት ዘመንን ያሳለፈ ሰው ያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከዛ ታዋቂው የማሊ ጊታሪስት አሊ ፋርካ ቱሬ ለለንደኑ ዋርልድ ሰርኪት ሌብል ጠቆማት፣ እነሱም አልበሙን ለአውሮፓ አወጡት። ሸክላ የምትሰበስቡ ከሆነና ከሷ አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ይሄን ግዙ፣ ከ5 5 ነው፣ አልከራከርም።

"ኮ ሲራ" በ1993 መጣ፣ የተሻለ ስቱዲዮ፣ የተሻለ ድምፅ፣ ተቀባዮቹም አሉ፣ ልክ ቦታቸው ላይ። እዚህ ውስጥ "ሳ ማኒ" የሚል ዘፈን አለ፣ ሞት ክፉ ነው የሚል፣ ለአማዱ ባ ጊንዶ የተዘፈነ፣ ያ የመጀመሪያ አልበሟን ያቀናበረው ሰው በመኪና አደጋ ሞቶ ነበር። ዘፈኑ ለቅሶ ቤት አይደለም ግን ለቅሶ ነው፣ ድምፁ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሙሾ የሰማ ሰው ምን እየተደረገ እንደሆነ ትርጉም ሳይጠይቅ ያውቀዋል። እኔ ይሄን አልበም ሳዳምጥ ሌሎቹ ዘፈኖች የጋብቻ ምክርና ወቀሳ ናቸው፣ ለአዲስ ሙሽራ ምን እንደሚጠብቃት መንገር ምናምን፣ ግን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ያ አንዱ ነው።

ከዛ "ዎሮታን"፣ 1996። ርዕሱ አስር የኮላ ፍሬ ማለት ነው፣ በአገሩ ልማድ ሴት ልጅ ስትጠየቅ ለቤተሰቧ የሚሰጠው። አስር ፍሬ! ኡሙ ይሄን ዘፈነች፣ በአስር ፍሬ የሄደችው ልጅ ባሏ ቤት ምን ሆና እንደምትኖር። ሙዚቃው ላይ ፒ ዊ ኤሊስ አለ፣ የጄምስ ብራውን ሳክስፎኒስት የነበረው፣ ነሐሱን፣ የትንፋሽ መሳሪያዎቹን ማለቴ ነው፣ ያቀናበረው እሱ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ "ኡፍ የውጭ ሰው ገብቶ ሊያበላሸው ነው" ያስብላል፣ ግን ሰውየው አስተዋይ ነው፣ ነሐሱን የሚያስገባው ሴቶቹ ትንፋሽ ሲወስዱ ነው፣ ላያቸው ላይ አይደለም። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ አብዝቶታል እላለሁ። ከዎሮታን የሚጀምር ሰው አይከስርም፣ ፈንክ ለሚወድ ጓደኛችሁ እንዲያውም ከሙሶሉ በፊት ይሄን ስጡት።

ከዛ ለዓለም ገበያ አዲስ ሙሉ አልበም ለብዙ ዓመት የለም። በ2003 "ኡሙ" የሚል ባለሁለት ሲዲ ወጣ፣ የድሮዎቹ ምርጦች ላይ ስምንት አዲስ የተጨመረበት። ጥሩ ነው፣ ግን የድሮዎቹ አልበሞች ካሏችሁ አዲሶቹን ብቻ ለይታችሁ ስሙ፣ በተለይ "ያላ"ን። በመሃል እሷ ስራ ፈታ አልተቀመጠችም፣ ባማኮ ሆቴል ከፈተች፣ በ2006 ደግሞ ከቻይና ጋር ሆና "ኡም ሳንግ" የሚል በስሟ የተጠራ መኪና አስመጣች፣ በ2003 የተባበሩት መንግስታት የምግብና እርሻ ድርጅት የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆናለች። አንዳንድ ሰው "ስለ ድሃ ሴት እየዘፈነች ሆቴል አላት" ይላል። እና? ሴት ልጅ በገዛ እጇ ትቁም ብላ ስትዘፍን የኖረች ሰው ከዛ ውጪ ምን እንድታደርግ ነው የሚፈለገው።

"ሴያ" የ2009 ነው፣ ደስታ ማለት ነው፣ ለግራሚ ታጭቶ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከሙሶሉ ቀጥሎ የማስቀምጠው ይሄን ነው። ሰፋ ያለ ሙዚቃ ነው፣ ማሊያዊው ኪቦርዲስት ሼክ ቲዲያን ሴክ ቅንብሩ ውስጥ አለበት፣ መሳሪያው ብዙ ነው፣ ግን ተቀባዮቹ አልጠፉም፣ ከነሱ መሃል አንዷ በኋላ ራሷ በዓለም የታወቀችው ፋቱማታ ጃዋራ ናት። "ወሌ ወሌ ዊንቱ" የሚለውን ስሙ፣ ያለ ዕድሜ ስለሚዳሩ ልጆች ነው፣ እና ለጭፈራ ያስነሳል። ሰው እንዴት በዚህ ይጨፍራል የሚል ካለ፣ እሷ ሆን ብላ ነው፣ ሰርግ ላይ ይከፈታል፣ የተዳረችዋ ልጅ አባት ራሱ ይጨፍርበታል፣ ቃሉም ባምባራ ስለሆነ እያንዳንዱ ይገባዋል። በስብሰባ ቢነገረው ተነስቶ የሚወጣ ሰውዬ እዚህ ላይ እግሩ አይነሳለትም።

የሚገርመው በዛው በ2009 ነሐሴ የማሊ ፓርላማ አዲስ የቤተሰብ ህግ አፅድቆ ነበር፣ የጋብቻ ዕድሜ 18 እንዲሆን፣ ሚስት ለባሏ የመታዘዝ ግዴታ እንዲነሳ። ባማኮ ስታዲየም ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰብስቦ ተቃወመው፣ ፕሬዚዳንት አማዱ ቱማኒ ቱሬ ሳይፈርሙ መለሱት፣ በ2011 የመጣው የተከለሰው ህግ ሴት በ16 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅዳል፣ መታዘዙም ተመልሶ ገብቷል። ዘፈኗ ህግ አላስቀየረም። እኔ ይሄን የምጠቅሰው አንዳንድ የውጭ ፀሐፊ "በዘፈኗ ማሊን ቀየረች" እያለ ስለሚያጋንን ነው፣ እሷ የተጋጠመችው ከምን ጋር እንደሆነ የሚገባው ያ ስታዲየም ሲታወቅ ነው፣ ከ200,000 ካሴት በኋላም ያን ያህል ሰው ወጥቶ እንቢ ብሏል። ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ዘፈኗን ያውቃል።

በዚሁ ዘመን የጃዝ ፒያኒስቱ ሄርቢ ሃንኮክ ከፒንክ፣ ከሲል፣ ከኢንዲያ አሪና ከሌሎች ጋር "ኢማጂን"ን ሲሰራ እሷም አለችበት፣ በ2011 ግራሚ ወሰደ። ከሷ የሚሰማው ጥቂት ነው፣ ለሷ ብላችሁ አትፈልጉት። በ2012 የማሊ ሰሜን በታጣቂዎች ተይዞ እዛ ሙዚቃ ሲከለከል ግን ፋቱማታ ጃዋራ አርባ የሚሆኑ ሙዚቀኞችን ሰብስባ በ2013 መጀመሪያ ያወጣችው የሰላም ዘፈን ላይ ኡሙም አለች፣ ያንን በዩቱብ ፈልጉት።

አሁን ብዙ ሰው የማይስማማኝ ቦታ ደረስን፣ "ሞጎያ"፣ 2017፣ ኖ ፎርማት በሚባል የፓሪስ ሌብል። ክሪቲኮች ወደዱት፣ ወጣቱም ወደደው፣ አልበርት የሚባሉ የፈረንሳይ ፕሮዲውሰሮች ናቸው የሰሩት፣ ሲንት፣ ወፈር ያለ ቤዝ፣ ንፁህ የሆነ ድራም። መጥፎ አይደለም። ግን ተቀባዮቹ የት ሄዱ? አሉ፣ ግን ወደ ኋላ ተገፍተው፣ ተወልውለው፣ እንደ ኪቦርድ ድምፅ ሆነዋል። "ካሜሌምባ"፣ ሴት እያሳደደ የሚያታልል ወንድን ተጠንቀቁ የምትልበት፣ ድሮ ቢሆን ሴቶቹ አፍነው የሚይዙት ዘፈን ነበር፣ እዚህ ላይ እሷ ብቻዋን ትናገራለች፣ ሌሎቹ ያጅቧታል። "ኩንኩን" ደግሞ ክፉ ለሚመኙላት ሰዎች መልስ ነው፣ እና እውነት ለመናገር የታዋቂ ሰው ጠላት ታሪክ የተዳረች ልጅን ታሪክ ያህል አይዘኝም። ከሁሉም የሚወጣው "ዬሬ ፋጋ" ነው፣ ራስን ስለ ማጥፋት የሚናገር፣ ብዙ አፍሪካዊ ዘፋኝ የማይነካው ርዕስ፣ ድራሙን የሚመታው የናይጄሪያዊው ፌላ ኩቲ ድራመር የነበረው ቶኒ አለን ነው፣ እና ያ ሰው ሲመታ ፕሮዲውሰሮቹ ራሳቸው ዝም ብለዋል። ለእናቷ የዘፈነችው "ሚናታ ዋራባ"ም ደህና ነው። 3.5 ከ5።

ደግነቱ ሌብሉ ራሱ የሞጎያን መድሃኒት በ2020 አወጣው፣ "አኩስቲክ"። ያው የሞጎያ ዘፈኖች፣ ጊታር፣ ካማለ ንጎኒ፣ ለስለስ ያለ ኦርጋን፣ ተቀባዮች፣ በቃ፣ ስቱዲዮ ውስጥ እንደ ኮንሰርት አንዴ የተቀዳ። "ጃራቢ ኔኔ"ንና "ሳ ማኒ"ን ደግማ ዘፍናዋለች፣ እና የ21 ዓመቷን ልጅ ከሃምሳ ዓመቷ ሴት ጋር አጠገብ ለአጠገብ ማድመጥ ትችላላችሁ፣ ድምፁ ወርዷል፣ ጫፉ ሻከር ብሏል፣ አትቸኩልም። ሞጎያ ከመግዛት ይሄን መግዛት ይሻላል፣ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚገዛ ሰው ግን ብሩን አባከነ።

የመጨረሻው "ቲምቡክቱ" ነው፣ 2022፣ ወደ ዋርልድ ሰርኪት የተመለሰችበት። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ አሜሪካ ላይ ነበረች፣ በረራ ሲዘጋ እዛው ቀረች፣ ባልቲሞር ተቀመጠችና ከካማለ ንጎኒ ተጫዋቹ ማማዱ ሲዲቤ ጋር ዘፈን መፃፍ ጀመረች። ዝግታው ይሰማል፣ ጊዜ ያለው ሰው የሰራው አልበም ነው። ፈረንሳዊው ጊታሪስት ፓስካል ዳናዬ ጊታሩን ወደ አሜሪካ ብሉዝ ወስዶታል፣ "ዋሱሉ ዶን" ላይ ስላይድ ጊታሩና ካማለ ንጎኒው ማን ማንን እንደሚከተል አይታወቅም፣ እዛ ላይ ስለ ዋሱሉ ነው የምትዘፍነው፣ ያንፎሊላ ላይ ራሷ ስለጀመረችው ፌስቲቫልና አገሩ ተነስቷል ስለሚል ኩራት። "ኬሌ ማኒ" ጦርነት ክፉ ነው ይላል፣ በ2022 ይሄን ለማሊ ሰው መንገር ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም፣ ለኛም አያስፈልግም። የኔ ቅሬታ አልበሙ ወደ መጨረሻው ዘፈን ከዘፈን መለየት ያቅታል፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሄዱ ይመስላሉ፣ በሁለተኛው ግማሽ አንድ የሰርግ ዘፈን ቢገባበት ኖሮ። 4 ከ5።

ሁሉንም የሚመለከት አንድ ቅሬታ አለኝ። ሲዲዎቹ ውስጥ ያለው ቡክሌት ዘፈኖቹ ስለምን እንደሆኑ ይነግራል፣ ስትሪሚንግ ላይ ግን ምንም የለም፣ ስም ብቻ፣ እሱም አንዱ ቦታ በአንድ ስፔሊንግ ሌላው ቦታ በሌላ። መልእክቷ ዋናው ነገር ለሆነች ዘፋኝ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው፣ ሰው "ወሌ ወሌ ዊንቱ"ን የደስታ ዘፈን ብቻ አድርጎ ሰምቶ ሊሄድ ይችላል። ያገለገለ ሲዲ ካገኛችሁ፣ በተለይ ሴያንና ዎሮታንን፣ ቡክሌቱ እንዳለ ሻጩን ጠይቁና ግዙ፣ ማጫወቻ ባይኖራችሁ እንኳ ወረቀቱን እያነበባችሁ ሙዚቃውን ከስልክ መክፈት ነው።

የሞጎያ ሪሚክስ የሚባለውን የ2018 አልበም ክለብ የምታጫውቱ ካልሆናችሁ ዝለሉት፣ እዛ ላይ ሴቶቹ ጭራሽ የሉም ማለት ይቻላል።